ሁለቱም ቡድን በአንድ ቀን
ማክሰኝት ላይ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች የተደረገ ዲስኩር

 

የጋበዛችሁኝ ተማሪዎች በስልክ ርእሱን ስትነግሩኝ ሁለት ጊዜ አስደግሜአችኋለሁ። «ስለ ጎልፍ ንገሩን» አላችሁ። መኪናው መስሎኝ «ስለ መኪና ደግሞ እኔን ማን አዋቂ አደረገኝ?» ብዬ መለስኩ። ሣቃችሁን ሰማሁት። «የለም ጋሼ፣ ጨዋታው ነው። አሜሪካ አገር ትንሹ ዩኒቨርሲቲ ሳይቀር የወንዶችና የሴቶች የጎልፍ ቡድን አለው፤ ነገሩ እንዴት ነው? ለእኛስ ምናችን ነው?» አላችሁኝ። ይኸው ጥያቄያችሁን ይዤ መጣሁ።

አስቀድሜ ልናዘዝ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ጎልፍ ተጫውቼ አላውቅም። አዲስ አበባ አንድ ጊዜ በአጥር ቀዳዳ ቆሜ ሲጫወቱ አይቻለሁ፤ ከዚያ በቀር የማውቀው ያነበብኩትን ነው። ያነበብኩት ግን እየሳበ የወሰደኝ ወደ አላሰብኩት ቦታ ነው፤ ወደ ልጅነቴ ሜዳና ወደ ታላቅ እህቴ።

የዛሬው ነገሬ አጭር ነው። ዱላ ይዞ ኳስ መምታት ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሚሆንብን ዱላውን ሴት ልጅ ስትይዘው ነው። ስለዚህ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ጎንደርም ይሁን ባሕር ዳር ወይም ደብረ ታቦር፣ እንዲህ ያለ ጨዋታ ልጀምር ካለ የወንዶቹንና የሴቶቹን ቡድን በአንድ ቀን ያቋቁም። በአንድ ቀን! ይህን ቃል ስደጋግመው ትሰማላችሁ፤ ሰውዬው አረጀ አትበሉኝ፣ ሆን ብዬ ነው። መንገዴም ይህ ነው፦ መጀመሪያ ከራሳችን ገና እነሣለሁ፣ ከዚያ ጎልፍ ወደተወለደበት ወደ ስኮትላንድ እሻገራለሁ፣ ቀጥሎ ዋሽንግተን ደርሼ ወደ ማክሰኝት መሬት እመለሳለሁ።

እንጀምር። ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ከዚህ አዳራሽ በልጅነቱ ገና የመታ ወንድ እስቲ እጁን ያውጣ። ... ይሁን፣ አውርዱት፤ መቁጠር አያስፈልግም። አሁን ደግሞ ገና የመታች ሴት እጇን ታውጣ። ... ሁለት እጅ። አንዱም፣ ይቅርታ እመቤቴ፣ ነጠላ ለማስተካከል የተነሣ ነው።

ለወጣቶቹ ልንገራቸው፤ አሁን አሁን የጨዋታው ወግ እየላላ ነው። ዱላው ራሱ ገና ይባላል። ከበዓሉ ብዙ ቀደም ብለን ጫካ ገብተን ጫፉ ቆልመም ያለ የወይራ ወይም የክትክታ ዘንግ እንፈልጋለን። ተፈጥሮ ካላጎበጠችው እሳት ላይ እያሞቅን እኛ እናጎብጠዋለን፤ ከዚያ ጭስ ላይ ተሰቅሎ ይከርማል። ኳሱ ሁለት ዓይነት ነው፦ ከእንጨት ሥር ተጠርቦ የሚድበለበለው ሩር፣ ከጠፍር የሚሠራው ደግሞ ጥንግ። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ብለን ሚና እንለያለን። ዳኛ የለም፤ የተጫዋች ቁጥርም ወሰን የለውም። ሜዳው የት ይጀምራል የት ያልቃል ቢባል፣ ከወንዙ እስከ ዋርካው ነው። እዚህ ግራ ቅልጥሜ ላይ ያለው ጠባሳ የአጎቴ ልጅ ሩሩን ስቶ የመታኝ ነው፤ አርባ ዓመት አልፎታል፣ ብርድ ሲመጣ አሁንም ይነግረኛል። በገና ዕለት ደግሞ ጌታ እንደማይቆጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የባላባቱ ልጅ ከእረኛው እኩል ይሮጣል፣ ይመታል፣ ይመታልም። በዓመት አንድ ቀን ሜዳው የሁሉ ነው።

የሁሉ ነው አልኩ? አይደለም። ታላቅ እህቴ ከዋርካው ሥር ቆማ ነበር የምታየን። ጠላና ዳቦ ይዛ ትመጣለች፣ እናቴ እንዳዘዘቻት። አንድ ገና፣ እኔ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ሩሩ ተንከባሎ እግሯ ሥር ቆመ። ጎንበስ ብላ ማንሣት ነበረባት፣ እንደ ሁልጊዜው። እሷ ግን ከአንድ ትንሽ ልጅ እጅ ገናውን ነጥቃ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና መታችው። ሩሩ እኛን አልፎ፣ ከኋላ ያሉትን አልፎ፣ ወንዙን ተሻገረ። ማናችንም ያን ያህል አርቀን መትተን አናውቅም። የሆነውን ልንገራችሁ፦ አጎቴ «ጨዋታው ፈርሷል፣ ሴት ነክታዋለች፣ ሌላ ሩር አምጡ» አለ። ሌላ ሩር መጣ። እህቴ ገናውን ለባለቤቱ መለሰች። እኔም፣ እንዴት ጎበዝ ናት አላልኩም፤ አፍሬባት ነበር።

ይህን ለምን አነሣለሁ? ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። መምህር ከሆንኩ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያህል በስፖርት ክፍለ ጊዜ ኳሱን ለወንዶቹ፣ ገመዱን ለሴቶቹ ስሰጥ ኖሬአለሁ። አንድ ኳስ ብቻ ነው ያለን እል ነበር፤ እውነትም አንድ ነበር። ግን አንድም ቀን ገመዱን ለወንዶቹ፣ ኳሱን ለሴቶቹ ሰጥቼ አላውቅም። ማንም ክልክል ነው አላለኝም። አጎቴ በውስጤ ሆኖ «ሌላ ሩር አምጡ» ይል ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ስኮትላንድ እንሻገር፤ ሁለተኛው ነጥቤ እዚያ ነው።

ጎልፍ ሲባል ዛሬ ዓይናችን ላይ የሚመጣው የሀብታም ጨዋታ ነው፤ የተከረከመ ሣር፣ ነጭ ጫማ፣ የተዘጋ በር። አገራችንም ውስጥ ያየነው እንደዚያው ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በእንግሊዝ ኤምባሲ ሰፊ ግቢና በጥቂት የታጠረ ሜዳ። ጅማሬው ግን ሌላ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ በባሕር ዳርቻ፣ ለእርሻ የማይሆን አሸዋማ መሬት ላይ፣ በጎች በሚግጡበት የወል መስክ ነው የተወለደው። ሣሩን አጭር ያደረገው የበግ ጥርስ ነው። ዛሬ ተጫዋች የሚፈራው የአሸዋ ጉድጓድም በጎች ከነፋስ ተጠልለው ከተኙበት ሥርጉድ የመጣ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1457 የስኮትላንድ ንጉሥ ዳግማዊ ጄምስ ጨዋታውን በአዋጅ ከለከለ፤ ወጣቱ ቀስት መወርወር ትቶ ኳስ ሲመታ ዋለ ብሎ። ኳሱስ ከምን ይሠራ ነበር? ከተሰፋ ቆዳ፣ ውስጡ የተቀቀለ የወፍ ላባ ተጠቅጥቆ። ጥንግ ነው በሉኛ! ላባው ብቻ ነው የእነሱ።

በጣም የገረመኝ ግን የሚከተለው ነው። ኤዲንብራ አጠገብ ማስልብራ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ አለች። የዚያች ከተማ ሴቶች ዓሣ በቅርጫት በጀርባቸው ተሸክመው ገበያ የሚወጡ፣ ጉልበታቸው የሚወራላቸው ሴቶች ናቸው። ዘጌን፣ ጎርጎራን፣ የጣና ዳር ገበያን የሚያውቅ ሰው ሥዕሉ ይመጣለታል። የከተማዋ የጎልፍ ማኅበር ለእነዚህ ዓሣ ሻጭ ሴቶች ውድድር አዘጋጀ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1811፤ የአዲስ ዓመታቸው ዕለት፣ በእኛ ቢቆጠር የገና ሰሞን ማለት ነው። ለአሸናፊዋ የተዘጋጀው ሽልማት አዲስ የዓሣ ቅርጫት ነበር፤ የሐር መሐረብም ተጨምሮበታል። በታሪክ የተመዘገበ የመጀመሪያው የሴቶች የጎልፍ ውድድር እሱ ነው። ንግሥት አይደለችም፣ እመቤት አይደለችም፤ ዓሣ ሻጭ ናት የጀመረችው።

ቅርጫት መሸለማቸውን አንዳንዱ እንደ ንቀት ያየው ይሆናል፤ «ወደ ሥራሽ ተመለሽ» እንደ ማለት። እኔ እንደዚያ አላየሁትም። ዓሣ ሻጭ አዲስ ቅርጫት ብታገኝ ገበሬ አዲስ ማረሻ እንዳገኘ ነው።

ታዲያ ጎልፍ ከወል መስክ ወጥቶ አጥር ውስጥ ሲገባ ሴቶቹ ምን ሆኑ? እ.ኤ.አ. በ1867 ሴንት አንድሩስ ላይ ለሴቶች ማኅበር ተቋቋመ፤ ግን ሴቶቹ የተሰጣቸው ትንሽ ቦታ ኳስን ወደ ቀዳዳ ቀስ አድርጎ መግፊያ ብቻ ነበር። ዱላውን ከትከሻዋ በላይ ያነሣች ሴት ነውረኛ ተብላ ትታይ ነበርና። ከትከሻ በላይ! ዘነዘና ከትከሻዋ በላይ አንሥታ ሙቀጫ ስትመታ የኖረች እናት ይህን ብትሰማ ምን ትላለች? የሴንት አንድሩስ ዋናው የወንዶች ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1754 ነው። ሴት በአባልነት ለመቀበል ድምፅ የሰጠው መቼ ይመስላችኋል? እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014። ሁለት መቶ ስድሳ ዓመት ፈጀበት። አሜሪካም ኦገስታ የሚባለው ዝነኛ ማኅበር የመጀመሪያዎቹን ሴቶች የተቀበለው በ2012 ነው፤ አንዷ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ኮንዶሊዛ ራይስ ናቸው። የዓለም መሪዎችን በር አንኳኩተው የገቡ ሴት የጎልፍ ሜዳ በር ላይ እስኪከፈት ጠበቁ።

በእነሱ ብቻ እንዳንስቅ፣ ወደ ራሳችን ላዙረው። አበበ ቢቂላ ሮም ኦሎምፒክ ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ያሸነፈችው በ1992። በመካከሉ 32 ዓመት አለ። በነዚያ 32 ዓመታት ሴት ልጆቻችን እግር አልነበራቸውም? ነበራቸው። ውኃ ሲቀዱ፣ እንጨት ሲለቅሙ ዳገቱን የሚወጡት እነሱ ነበሩ። ሜዳው ላይ ግን «ሌላ ሩር አምጡ» ይባል ነበር። ደራርቱ ካሸነፈች በኋላ ፋጡማ ሮባ በ1996 ማራቶንን ወሰደች፤ ከዚያ ወዲያ የመጡትን ስም ልጥራ ብል ምሳ ሰዓት ያልፍብናል። በሩ አንዴ ሲከፈት የገቡትን አያችሁ።

ለዚህ ነው በአንድ ቀን የምለው። «መጀመሪያ ወንዶቹ ይጀምሩት፣ ሴቶቹ ሲመቻች ይቀላቀላሉ» የሚባለው ነገር 32 ዓመት ሊወስድ ይችላል፣ 260ም ሊወስድ ይችላል።

ሦስተኛው ነጥቤ የጠየቃችሁኝ ራሱ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ የጎልፍ ቡድን እንዴት ይሠራል? ይህን ቶሎ ልለፈው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ውድድር የሚልከው ብዙውን ጊዜ አምስት ተጫዋች ነው። ሁሉም አሥራ ስምንቱን ቀዳዳ እየዞሩ ይጫወታሉ፤ ስንት ጊዜ መታ ተብሎ ይቆጠራል፣ ጥቂት የመታ ያሸንፋል። ከአምስቱ የተሻሉት የአራቱ ውጤት ይደመርና የቡድኑ ይሆናል፤ የአንዱ መጥፎ ቀን ይጣላል ማለት ነው። ይህች ደንብ ደስ ትለኛለች። ተጫዋቹ ከ14 የማይበልጥ ዱላ ይይዛል፤ ኳሱ ከ45.93 ግራም አይከብድም፤ ቀዳዳው ወርዱ 108 ሚሊ ሜትር ነው፣ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ያህል። ብዙ ትናንሽ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው የጎልፍ ሜዳ የላቸውም፤ በከተማው ሜዳ ይለማመዳሉ። ትንሽነት አላገዳቸውም የምላችሁ ለዚህ ነው።

የሴቶቹ ቡድን በየቦታው የበዛው ግን በቸርነት አይደለም፣ በሕግ ነው። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ታይትል ናይን የሚባል ሕግ አወጡ፤ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በጾታ ልዩነት አያድርግ የሚል። ስፖርትንም ያዘ። በትልቁ የዩኒቨርሲቲ ውድድር እርከን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለጎልፍ መስጠት የሚችለው የነፃ ትምህርት ወጪ ለወንዶች ቡድን የአራት ተኩል፣ ለሴቶች ቡድን የስድስት ተማሪ ነበር። አራት ተኩሉ እየተከፋፈለ ይሰጥ ነበር። ለሴቶቹ ለምን በዛ? የአሜሪካን እግር ኳስ ብቻውን የ85 ወንድ ወጪ ይይዝ ስለነበር ሚዛኑን ለመጠበቅ ነው። ሕጉ ሳይኖር ሚዛኑን ማንም አልጠበቀውም።

አሁን ዋሽንግተን ደርሰናል፤ እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፣ የእኛም ሰዎች ያሉበት ታሪክ ነውና።

ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1867 ነው፤ ሴንት አንድሩስ ላይ ለሴቶች ኳስ መግፊያ በተሰጠበት በዚያው ዓመት። ከባርነት የወጡ ጥቁሮችና ልጆቻቸው የተማሩበት ቤት ነው። ለእኛም ባዳ አይደለም። መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1935 በሕክምና የተመረቀው እዚያ ነው፤ ጣልያን ሲወርረን አገሩ መጥቶ የቆሰለውን አከመ፣ ኋላም አሜሪካ ተመልሶ ጥቁር ወንድሞቻችንን ለኢትዮጵያ አስተባበረ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ሃዋርድን ጎብኝተው የክብር ዶክትሬት ተቀብለዋል። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው የጤና ኮሌጅም ጎንደር ላይ የተከፈተው በዚያው በ1954 ነው። ዋሽንግተን የሚኖር ዘመድ ያላችሁ ጠይቁት፤ ከሃዋርድ ግቢ በእግሩ ሄዶ እንጀራ ይበላል።

ወደ ጎልፉ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዋሽንግተን ውስጥ ጥቁር ሰው እንደ ልቡ ጎልፍ የሚጫወትበት ሜዳ አልነበረም፤ የመንግሥት ሜዳ እንኳ በዘር የተከፈለ ነበር። ጥቁሮቹ ወንዶች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ሰንበት ሲመጣ ዱላቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሚስቶቹስ? ቤት ናቸው። በ1937 ሔለን ዌብ ሃሪስ የምትባል መምህርት ሴቶቹን ቤቷ ሰበሰበች፤ አሥራ ሦስት ሆኑ። ዌክ ሮቢን ብለው የሴቶች የጎልፍ ማኅበር መሠረቱ። እንግዲህ አስቡት፦ ነጩ ጥቁሩን ከሜዳ አስወጥቶታል፣ የተገፋው ጥቁር ወንድ ደግሞ ሚስቱን እቤት ትቷታል። የተገፋ ሰው ሌላውን አይገፋም የሚል ካለ የእነዚህን ሴቶች ታሪክ ይስማ። የአጎቴን ጨዋታም ይስማ፤ እረኛው ከባላባቱ ልጅ እኩል በሆነበት ቀን ነው እህቴ ዱላውን የመለሰችው።

እነዚህ ሴቶች ግን ከወንዶቹ ማኅበር ጋር ሆነው በ1938 ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሃሮልድ ኢክስ አቤቱታ አቀረቡ፤ የመንግሥቱ ሜዳ ይከፈትልን ብለው። በ1939 ላንግስተን የሚባል የጎልፍ ሜዳ ተከፈተላቸው። የተሰጣቸው መሬት ቀድሞ የቆሻሻ መጣያ ነበር፤ ቀዳዳውም አሥራ ስምንት ሳይሆን ዘጠኝ። ተቀበሉት፣ ግን አልረኩም፤ ሌሎቹም ሜዳዎች ይከፈቱ ብለው ቀጠሉ፣ ወደ ነጮቹ ሜዳ ሲሄዱም ተሰደቡ፣ ተተናኮሉ። ሜዳው የተሰየመበት ጆን መርሰር ላንግስተን የሃዋርድ የሕግ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲን ነበር።

እንግዲህ ሰማንያ ዓመት ዝለሉ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 የቅርጫት ኳሱ ኮከብ ስቴፈን ከሪ፣ ወጣቶቹ ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ፣ ሃዋርድ በትልቁ እርከን የሚወዳደር የጎልፍ ቡድን እንዲያቋቁም ለስድስት ዓመት የሚሆን ገንዘብ እሰጣለሁ አለ። ቃሉን የሰጠው የት ነው? ላንግስተን ሜዳ ላይ። የተቋቋመውስ ስንት ቡድን ነው? ሁለት፤ የወንዶችና የሴቶች፣ በአንድ ቀን የታወጀ። በ2020/21 የትምህርት ዘመን ሥራ ጀመሩ። እነዚያ አሥራ ሦስት ሴቶች ቆሻሻ መጣያ ላይ ያቀኑት ሜዳ ባይኖር ከሪ በየት ቆሞ ይናገር ነበር?

አሁን ወደ ማክሰኝት። እዚህ ላይ ከምታስቡት በተቃራኒ ልናገር እችላለሁ።

የጎልፍ ሜዳ እዚህ ይሠራ አልልም። አሥራ ስምንት ቀዳዳ ያለው ሜዳ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ሄክታር ይፈልጋል። በእኛ ቋንቋ ከ200 ቃዳ በላይ ነው። አባቶቼ፣ እዚህ የተቀመጣችሁ ስንት ቃዳ አላችሁ? አራት ያለው ምስጋና ያቀርባል። ሽምብራና ጤፍ የሚበቅልበትን የሃምሳ ቤተሰብ መሬት ለአሥራ ስምንት ቀዳዳ ስጡ የሚል ሰው ቢመጣ ከእናንተ ጋር ቆሜ እምቢ እላለሁ። ውኃውስ? ሣሩ በበጋ አረንጓዴ ሆኖ እንዲከርም ሌት ተቀን መጠጣት አለበት፤ ማዳበሪያም ይፈልጋል። ጉማራ ማክሰኝት ተፋሰስ ላይ አፈራችን በየክረምቱ እየታጠበ ወደ ጣና እንደሚሄድ ተመራማሪዎች ሳይቀሩ መጥተው አጥንተውታል። ጣና ላይ እምቦጭ ምን እንዳደረገ በእጃችሁ ነቅላችሁ ታውቁታላችሁ። ማዳበሪያ ለእምቦጭ ቀለብ ነው።

«እንግዲያ ለምን ጠራንህ?» ትሉኝ ይሆናል። ልጆች፣ ቡድንና ሜዳ አንድ አይደሉም። ጎልፍን ለመጀመር የሚያስፈልገው ዱላ፣ ኳስ፣ የሚመታውን ኳስ የሚይዝ መረብና ኳስ መግፊያ የሚሆን ደልደል ያለ ቦታ ነው። በደረቅ አገር በብዙ የአፍሪካ ከተሞች በቀዳዳው ዙሪያ ሣር የለም፤ አሸዋ ደልድለው ይጫወቱበታል። አንዳንዶቹ አሸዋው እንዳይቦን ዘይት ይቀላቅሉበታል፤ ለእኛ ዘይቱ ይቅር፣ ከሥራችን ጣና አለ። የስፖርት ሳይንስ ትምህርት የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ በነባሩ የእግር ኳስ ሜዳው ጥግ ይህን ማድረግ ይችላል። አምስት ወንድና አምስት ሴት። አሥር ተማሪ ነው፤ የአንድ ሚኒባስ ሰው አይሞላም።

ከዚያ በፊት ግን፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ገናን ነው የማስቀድመው። ገናን የዩኒቨርሲቲ ጨዋታ አድርጉት። ደንብ ጻፉለት፤ የተጫዋች ቁጥር፣ የሜዳ ወሰን፣ ዳኛ። ቅልጥም መከላከያም ይኑር፤ ይህን የምለው በግል ጥቅም ነው። የወንዶች ቡድን፣ የሴቶች ቡድን፤ በአንድ ቀን። ለዚህ ከውጭ የሚገዛ ነገር የለም፤ ወይራው እዚሁ አለ፣ ቆራጩም አለ። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊጉን ሲወስድ ጎንደር እንዴት እንደሆነች አይታችኋል። ያ ሁሉ ሕዝብ አፄ ፋሲለደስ ስታዲየም ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ሴቶች ገና ሲመቱ ለማየት አይመጣም የሚለኝ ካለ እንወራረድ።

አንዳንድ አባቶች ግንባራችሁን ቋጥራችሁ አየሁ። «ወግ ነው፣ ገና የወንድ ነው» ማለታችሁ ነው። አከብራለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ወጉን ማን እየጣለው ነው? ባለፉት ዓመታት ገና ዕለት መስክ ወጥታችሁ ታያላችሁ? ወንዶቹ ልጆች ስልካቸው ላይ ናቸው። ገና መቁረጥ የሚያውቅ ልጅ ቁጥሩ እየቀነሰ ነው። ወጉን የሚያነሣ እጅ ካጣን የልጃገረዶቹ እጅ አለ።

ሴቶች ልጆቼ፣ እናንተንም አንድ ነገር ልበላችሁ። ጎልፍም ሆነ ገና የክንድ ጉልበት ብቻ አይደለም። ዱላው ወደ ኋላ ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ የሚመጣው ከዳሌ መዞር፣ ከእግር መቆም ነው። እንስራ አዝላችሁ ዳገት ስትወጡ ያሰለጠናችሁት እሱን ነው። ሸክም ያጠነክራል ብዬ ማሞገሴ አይደለም፤ ቧንቧው ይግባላችሁ፣ እንስራው ይቅር። ግን ሰውነታችሁ የሚያውቀውን አትናቁት።

ሰዓቴ ደርሷል መሰለኝ፤ ሊቀመንበሩ እያዩኝ ነው። ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ፤ መጀመሪያ ግን አንድ ማስታወቂያ አለኝ። ገና ዕለት፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ እናንተ በምትመርጡት መስክ ሁለት ሩር ይዤ እመጣለሁ። አንዱን ራሴ ጠርቤዋለሁ፣ ትንሽ ወደ አንድ ጎን ያደላል። ገናውን እናንተ ቁረጡ፤ አጫጭርም ይኑርበት፣ ለሴቶቹ የሚመች። ታላቅ እህቴን ደውዬ ነግሬአታለሁ። ሰባኛ ዓመቷን ልትይዝ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። «የሚመጣ መኪና ካለ እመጣለሁ፣ ግን ቆሜ ለማየት አይደለም» ብላኛለች።